የዳዊት ማኅደሩ ብርና የፈትል ሙዳዩ ብር

በአንድ ጣራ ሥር ባልና ሚስት ከኖሩ ሦስት ካዝና አለ። አንዱን ሁለቱም ያውቁታል፤ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ የሚገኘውም እሱ ነው። አንዱን ባል ብቻ ያውቀዋል። አንዱን ሚስት ብቻ ታውቀዋለች። ይህን የምለው ትዳርን ለማማት አይደለም፤ እኔ ራሴ ባለትዳር ነኝ፣ ምን ቆርጦኝ! ግን አንድ ቀን ከአዲስ አበባ “በእጃችሁ ያለው ብር ከእንግዲህ ብር አይደለም” የሚል አዋጅ በሬዲዮ ሲመጣ፣ እነዚያ የተደበቁት ካዝናዎች ሁሉ ካሉበት ተጎልጉለው አደባባይ ይወጣሉ። የባንኮች ሁሉ አለቃ በሆነው በዚያ ትልቅ ባንክ ክራባት አሥረው ስለ ተሸሸገ ገንዘብ የሚመክሩት ሰዎች፣ ውሳኔያቸው ባሕር ዳር ደርሶ ስንቱን ባልና ሚስት እንደሚያኳርፍ አስበውት ያውቃሉ? አይመስለኝም። ቢያስቡትም በስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚሰፍር ነገር አይደለም።

ጊዜው ደርግ ንጉሡን ከዙፋን ካወረደ በኋላ ከብሩም ላይ ሊያወርዳቸው የተነሣበት ነው። ከዙፋኑ ማውረዱ በአንዲት ትንሽ መኪና ተፈጸመ። ከሰው መቀነት፣ ከትራስ ሥርና ከጎታ ውስጥ ማውረዱ ግን ትንሽ ቸገረ። ስለዚህ ቀን ተቆረጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ አሮጌውን አምጥቶ በአዲሱ ያልለወጠ ሰው ብሩን እሳት ያቀጣጥልበት ተባለ። አዋጁ በዚህ ቃል አልተናገረም ይሆናል፤ እኛ ሠፈር የደረሰው ግን እንዲህ ሆኖ ነው።

እኔ ያኔ ገና ያላገባሁ፣ ከእንፍራንዝ መጥቼ ባሕር ዳር አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የመጋዘን ጸሐፊ የሆንሁ ጎልማሳ ነበርሁ። የምኖረውም ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ግቢ፣ መሪጌታ ልሳነወርቅና ባለቤታቸው እማማ የውብዳር ባከራዩኝ አንዲት ክፍል ነው። መሪጌታ የደብሩ ማኅሌት መሪ ናቸው። ድምፃቸው ሲነሣ የጣና ወፎች ጸጥ ይላሉ ብለው እማማ የውብዳር ይምላሉ፤ እኔ ግን ወፎቹ ሲንጫጩ እንጂ ጸጥ ሲሉ አልሰማሁም። እማማ ደግሞ ፈታይ ናቸው፣ ያውም የታወቁ። የእሳቸውን ፈትል የሸመነ ሸማኔ ገበያ ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚሄድ። ልጅ አልነበራቸውም። እግዜር ልጅ ሳይሰጣቸው ቆይቶ ቆይቶ እኔን በወር ኪራይ ሰጣቸው።

አዋጁ ከተነገረ ወዲህ ከተማው ያየውን ጉድ ምን ልበላችሁ! ባለዕዳ አበዳሪውን ያሳድድ ጀመር። ስሙ ሲጠራ በጓሮ በር ሹልክ ይል የነበረ ሰው አሁን አሮጌ ብሩን ይዞ በማለዳ ከአበዳሪው ደጅ ይቆማል፤ አበዳሪው ደግሞ የለም ያስብላል። እንደዚያ ያለ ሐቀኝነት አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ከመሸንቲ በግ ነድተው የመጡ ገበሬዎች የዋጋውን እጥፍ ይጠራሉ፤ ገዢው ሳይከራከር እሺ ሲላቸው ይደነግጡና በጋቸውን መልሰው ይነዱታል። ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡት ባለታንኳዎች ሳንቲም ካልሆነ ሞተን እንገኛለን አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ሙዳየ ምጽዋት እንኳ ሞልቶ ፈሰሰ። መሪጌታ ሕዝቡ ንስሐ ገባ ብለው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው፤ የገባው ብር የትኛው እንደሆነ ሲያዩ ግን ለእግዜር የሚደርሰው ሁልጊዜ ይኸው ነው ብለው ምሳቸውን ሳይበሉ ዋሉ።

በዚያው ሰሞን ከሥራ ተመልሼ ብስክሌቴን ግድግዳ ሳስደግፍ፣ መሪጌታ በጣታቸው ወደ ጓሮ ጠሩኝ። ግራ ቀኙን አይተው ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡ። ስፈታው ብር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ እስኪመስለኝ ድረስ ዕጣን ይሸታል። የዳዊታቸው መያዣ በሆነው የቆዳ ማኅደር ውስጥ ለዓመታት ሸሽገውት ኖሯል። እማማ የውብዳር ያንን ማኅደር ሲሳለሙት እንጂ ሲከፍቱት ታይተው አያውቁም፤ ከዚያ የተሻለ መደበቂያ ከየት ይመጣል? ሰልፍ ላይ ከታየሁ ወሬው ለሷ ይደርሳል፣ አንተ በስምህ አድርገህ ለውጥልኝ አሉኝ። ለምን እንደሆነ እንዳልጠይቃቸው፣ ለእማማም ትንፍሽ እንዳልል በጊዮርጊስ አስማሉኝ። ማልሁ።

በማግሥቱ ጧት ደግሞ መሪጌታ ወደ ኪዳን ሲወጡ ጠብቀው እማማ የውብዳር መጡ። ከነጠላቸው ሥር ቋጠሮ አወጡ። ይኸኛው ጥጥ በጥጥ ሆኗል። ያልተፈተለ ጥጥ በሚያኖሩበት ሙዳይ ውስጥ ቀብረውት ነበር፤ የወንድ እጅ፣ ያውም የመሪጌታ እጅ፣ ፈትል ሙዳይ ውስጥ ምን ይሠራል? አንተ ለውጥልኝ፣ ለምን አትበለኝ፣ ለሳቸው ቃል እንዳትተነፍስ ብለው በእመቤታችን አስማሉኝ። አሁንም ማልሁ። እኔ ምን ላድርግ? አከራዮቼ ናቸው፣ እናት አባቴ ናቸው፤ ደግሞ ኪራይ ጨምረውብኝ አያውቁም።

ፋብሪካ ሳለሁ ግን ሐሳቡ አላስቀምጥ አለኝ። እኒህ የተከበሩ ሰው ምን ሆነው ነው ከሚስታቸው ብር የሚደብቁት? ሌላ ሴት ይኖር ይሆን? በዚህ ዕድሜ? ደግሞስ እማማ? ጥለዋቸው ወደ ወንድማቸው አገር ሊሄዱ ይሆን? ሁለቱ ማታ ማታ ደጃፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እሳቸው ዳዊት ሲደግሙ፣ እማማ እንዝርታቸውን ሲያሾሩ ሳይ ልቤ ያለቅሳል። በየኪሴ የያዝሁት ብር ሳይሆን የዚህ ቤት መፍረሻ መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ ሁለቱንም ተቀየምኋቸው፤ ሁለቱንም ግን እወዳቸዋለሁ፣ እንዲህ ያለ መከራ ጠላቴም አይግጠመው።

ፈረቃው አላፈናፍን ብሎኝ እስከ መጨረሻው ቀን ቆየሁ። በመጨረሻው ቀን ግን ፈቃድ ጠይቄ፣ የቀበሌ የድጋፍ ወረቀቴን ይዤ፣ አንዱን ቋጠሮ በቀኝ አንዱን በግራ ኪሴ አድርጌ በብስክሌት ወደ ባንኩ ሄድሁ። ሰልፉ ዘንባባዎቹን አልፎ ወደ ሐይቁ ሊወርድ ምንም አልቀረው። ተራዬ ሲደርስ ሁለቱንም ቋጠሮ ፈትቼ መስኮቱ ላይ አኖርሁ። ገንዘብ ያዡ የእማማን ብር ቆጥሮ ሳይጨርስ ጥጡ አፍንጫው ገባና ያስነጥሰው ጀመር። ይማርህ አልሁት። ዓይኑን ጠርጎ ወደ መሪጌታ ብር ሲያልፍ ደግሞ እጁ ቆመ፤ አንዱን ኖት ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ወረቀቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ዞር ብሎ ሥነ ሥርዓት ሊያስከብር የተቀመጠውን የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ጠራው።

ሊቀመንበሩ ብሩ የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የኔ ነው አልሁ፤ ሁለት መሐላ በአንድ አፍ ይዤ ሌላ ምን ልበል? የአንተ ከሆነ ለምን ዕጣን ይሸታል አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ስለምስም ነው አልሁት። ይኸኛውስ ለምን ጥጥ አበቀለ አለ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስለምሠራ ነው አልሁት። በመልሴ ቅልጥፍና ራሴም ተደንቄ ነበር። ሰውየው ግን ትንሽ አሰበና፣ እንግዲያው ከቤተ ክርስቲያኑም ከፋብሪካውም ሰርቀሃል ማለት ነው አለ። እንዲህ ያለ የጠራ አስተሳሰብ ስገጥም ያ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ክንዴን ይዞ ከዘንባባው ሥር አስቀመጠኝ። በዚያ ዘመን የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ከተባሉ ወዴት እንደሚወሰዱ እንጂ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ አልነበረም። ፈርቼ ነበር፤ መፍራቴን አልደብቃችሁም። መስኮቱም ሊዘጋ ነው፣ ብሩም ወረቀት ሊሆን ነው።

ሰልፉ ላይ የነበረ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነገሩን ሲያይ ብስክሌቱን አስፈንጥሮ አከራዮቼን ፍለጋ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ መሪጌታ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ እማማ የውብዳር ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ከገበያው በኩል ደረሱ። ባልደረባዬ ለሁለቱም በየፊናቸው ነግሯቸው ኖሯል። አንዳቸው ሌላውን ሳያዩ ሊቀመንበሩ ፊት ቆሙና በአንድ ትንፋሽ፣ ልጁን ልቀቀው፣ ብሩ የኔ ነው አሉ። ዕድሜ ልካቸውን አብረው ሲኖሩ እንደዚያ በአንድ ቃል ተናግረው የሚያውቁ አይመስለኝም። ከዚያ ዞር ብለው ተያዩ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ሊቀመንበሩ ግራ ገብቶት፣ ለመሆኑ ይህን ሁሉ ገንዘብ የሸሸጋችሁት ለምን ዓላማ ነው አላቸው። መሪጌታ፣ ያ ቤተ ክርስቲያን የሚሞላው ድምፃቸው ቀጥኖ፣ ለሷ ተዝካር ብለው አቀረቀሩ። እማማ የውብዳር ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አድርገው፣ እኔም ለሳቸው ተዝካር አሉ።

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። እንዴት አይስቅ? ባል ሚስቱን ሊቀብር፣ ሚስት ባሏን ልትቀብር፣ ተደባብቀው ሲቆጥቡ ኖረዋል! ሁለቱ ግን አልሳቁም። ሊቀመንበሩም አልሳቀም፤ ዓይኑን ወደ ሐይቁ አድርጎ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ አንድ አባወራ አንድ ጊዜ ነው የሚለውጥ፣ ያው አንድ ላይ አድርጉት አለና ለቀቀኝ። ገንዘብ ያዡ ዕጣኑንና ጥጡን አንድ ላይ ደርቦ ጠራርጎ ወሰደው፤ በምትኩ እንደ ምላጭ የሚቀጥን አዲስ ብር ሰጠን። አሸተትሁት። ከቀለም በቀር ምንም አይሸትም፤ የትኛው የማን እንደሆነ ፈጣሪም ራሱ ቢመጣ አይለየውም። ሁለቱም አልቀበልም ስላሉ በኔ ኪስ ሆኖ ወደ ቤት ተመለስን፤ መሪጌታ ከፊት፣ እማማ ከኋላ፣ እኔና ብስክሌቴ ከመካከል።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ዝም አለ። እንዝርቱ ጓዳ ገባ፣ ዳዊቱ በልብ ብቻ ይደገም ጀመር። መሪጌታ እኔን ጠርተው፣ ገና በእግሬ ቆሜ ሳለሁ ንፍሮዬን ቀቀለችልኝ አይደል አሉኝ። እማማ እኔን ጠርተው፣ ሞቴን ቀጥረው አስቀምጠውታል፣ ማንን ሊያገቡ ይሆን አሉኝ። ወጥ አድርስልኝ፣ ውኃ አቀብልልኝ፣ ንገራት፣ ንገራቸው! ፋብሪካ ገብቼ የማሽኑን ጩኸት ስሰማ እፎይ የምልበት ጊዜ ሆነ።

ቀስ በቀስ ግን እውነቱ ይወጣ ጀመር፣ ለየብቻ። እማማ እንዲህ አሉኝ፤ እሳቸው ያስተማሯቸው ተማሪዎች በየደሴቱ፣ በየገዳሙ ሞልተዋል፤ የሞቱ ዕለት ያ ሁሉ ሰው በታንኳ ሲመጣ ገበታው ባዶ ሆኖ መሪጌታ ልሳነወርቅ ከሚያፍሩ እኔ ቀድሜ ብቀበር ይሻለኝ ነበር። መሪጌታ ደግሞ እንዲህ አሉኝ፤ ይቺ ሴት የጎረቤቱን ድግስ ሁሉ ስትሠራ ነው ዕድሜዋን የጨረሰች፤ ለሷ ድግስ ጊዜ ማን አለላት? ልጅ የላት፣ እኅት የላት። ቢያንስ ከፍዬ ላሠራላት ብዬ ነው። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። እኔም አልቅሼ ይሆናል። ታዲያ ይህንኑ ለምን ለሷ አይነግሯትም ስላቸው፣ እንዴት ብዬ ሞትሽን አስባለሁ ልበላት አሉኝ።

አንድ ቀን መሪጌታ ብሩን ስጠኝና ወደ ማኅደሬ ልመልሰው አሉ። እኔ የመጋዘን ጸሐፊ እንጂ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አይደለሁም፤ ግን ገበያ እወጣለሁ። አሮጌውም ብር ሲሸሽ፣ አዲሱም ብር ሲገባ በጉ የሚያውቀው መወደድን ብቻ ነው። ማሩም፣ ጤፉም፣ ጌሾውም ተከትሎታል። የኔታ፣ ይህ ብር ማኅደር ውስጥ ዓመታት ከተኛ ያኔ የሚገዛው በግ ሳይሆን ዶሮ ነው አልኋቸው። ታዲያ ብሩ ከኛ ቀድሞ ሊሞት ነዋ አሉ። ይኼኔ እማማ የውብዳር፣ ለካ ከጓዳው በር ኋላ ቆመው ሲሰሙ ኖሯል፣ እንግዲያው ሳይሞት እንብላው አሉ። ካኮረፉ ጀምሮ ለባላቸው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው።

በአገራችን የቁም ተዝካር የሚባል ነገር አለ። ወራሽ የሌለው ሰው ከሞትሁ በኋላ ማን ያወጣልኛል ብሎ ተዝካሩን በሕይወቱ ሳለ ደግሶ፣ ካህናቱን ጠርቶ፣ ድኻውን አብልቶ ይገላገላል። አንድ ሰው ሲያወጣ አይቻለሁ፤ ባልና ሚስት በአንድ ድንኳን፣ በአንድ ቀን፣ በማን ብር እንደሆነ በማይታወቅ ብር ሲያወጡ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁ። ካህናቱ ከየደሴቱ በታንኳ መጡ። ድንኳኑ ሞላ፣ ግቢው ሞላ፣ የኔም ክፍል የጠላ ማስቀመጫ ሆነች። ተዝካር መሆኑን ብቻ የሰሙ አንድ የመሸንቲ ዘመድ ገና ከበሩ ወንድሜን ወንድሜን እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ ገቡ፤ መሪጌታ ራሳቸው ብድግ ብለው ተቀበሏቸውና፣ አይዞህ፣ መጀመሪያ ብላ፣ ኋላ ታለቅሳለህ አሏቸው። ሊቀመንበሩም መጣ። ድግስ ማብዛት እንደማይደገፍ ለማሳሰብ ነው የመጣሁ አለና ሦስት ጊዜ አስጨመረ። እማማ የውብዳር የዚያን ዕለት ምንም ሳይሠሩ ከባላቸው ጎን ተቀምጠው ዋሉ፤ ሌሎች ሴቶች ሠሩላቸው። እንደዚያን ቀን አምረው አይቻቸው አላውቅም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ድንኳኑ ፈርሶ ብዙም ሳይቆይ መሪጌታ በጣታቸው ወደ ጓሮ ጠሩኝ። አንድ አዲስ ብር አወጡ፤ ዕጣን ዕጣን ማለት ጀምሯል። ተዝካሯስ ወጥቷል፣ ይኸኛው ለኑሮዋ ነው፤ እኔ ብቀድም ትሰጣታለህ፣ አደራ እንዳትነግራት አሉኝ። እማማም ለራሳቸው ሰዓት ጠብቀው መጡ፤ ጥጥ የነካው ብር፣ ያው ቃል፣ ያው መሐላ። እንዲህ ሆኜ ለዓመታት የሁለት ሰው ባንክ ሆንሁ፣ ያለ ወለድ፣ ያለ ክራባት። ባንክ ላስገባላቸው አስቤ ነበር፤ ሽታው ይጠፋል ብዬ ተውሁት። ኑሮ ውድነቱ ግማሹን እንደበላው አውቃለሁ፤ ሽታውን ግን አልበላውም።

መሪጌታ ቀደሙ። ለቅሶው ሲበርድ ቋጠሯቸውን ወስጄ ለእማማ ሰጠሁ። ሳይቆጥሩት ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ረጅም ጊዜም እንደያዙት ቆዩ። ከዚያ የኔንም አምጣልኝ፣ ለሳቸው ያልሁት ነው፣ አብሮ ይሁን አሉና ሁለቱን ባንድ አድርገው ፈትል ሙዳያቸው ውስጥ ከተቱት። እስከ ዕለተ ሞታቸው አንድ ሳንቲም አልወሰዱበትም።

ከዚያ ወዲህ እኔም አገባሁ፣ አረጀሁም። ይህንን ታሪክ ለባለቤቴ ስንት ጊዜ ነግሬያት ይሆን፤ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው፣ ባልና ሚስት እንዴት ይደባበቃል እያልን እየሳቅን እናነሣዋለን። ባለፈው ሰሞን እራት ቀርበን ሳለ ብር ሊለወጥ ነው የሚል ወሬ ከጎረቤት መጣ። እኛን ምን አገባን፣ ምን ያለን ነገር አለ ተባባልን። ከዚያ ሁለታችንም እኩል ከማዕዱ ተነሣን፤ እሷ ወደ ጓዳ፣ እኔ ወደ መጽሐፍ መደርደሪያዬ።